የመንግሥት ፀሐይ

መንግሥት ያስገባውን ሶላር ግማሽ ዋጋ ለመለሰለት ሰው፣ ግቢው ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ግማሹ የተመለሰላት አራሷ ትርንጎ ይህን ጉድ የሰማችው ልጇን ቅቤ ቀብታ እንደ በርበሬ ደጅ ባሰጣችበት ማለዳ ነው።

"እመቤቴ፣ ይሄ ስርቆት ነው! ልጁን ያስገቡ!" አለ አንድ የመንግሥት ፀሐይ ተቆጣጣሪ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ።

"አጥንቱ እንዲጠና ነው እኮ!"

"በአምፖል ያሙቁት።"

በማግስቱ እየተራገመች ልጇን ታቅፋ ጎረቤቷ ጋሽ ድልነሳው ዘንድ ሄደች። ሶላር አላስገባም ብለው በኩራዝ ሲኖሩ የሳቀችባቸው ሰውዬ ናቸው።

"ግቢ፣ ቦታ ካገኘሽ" አሏት በሩን ከፍተው።

ግቢው በአራሶችና በሕፃናት ተሞልቷል። ያ ተቆጣጣሪ ጥግ ይዞ የራሱን ልጅ ጀርባ በቅቤ ያሻል።

"እመቤቴ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ" አላት ቀና ሳይል፤ "ልጄን ጋረዱብኝ።"