ከአራት ነጥብ በኋላ

«ጆሮ» የሚሉት የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ በዕድሜው ያልፈታው ማሽን የለም፤ በሙት መንፈስ የተጠረጠረ ማይክሮፎን ግን ገጥሞት አያውቅም። አንዲት የመጻሕፍት ተራኪ ደውላ «ጋሼ፣ ከድምፄ ጋር የማላውቀው ነገር እየተቀዳብኝ ነው» ስትለው፣ የሶኬት ጣጣ ነው ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ረፋዱ ላይ ሄደ።

ሴትየዋ ቤቷ ውስጥ መጻሕፍት እያነበበች ትቀዳለች፤ እንጀራዋ ነው። አሳታሚው ደግሞ እስከ ዓርብ ንጹሑን ቅጂ ካላስረከበች መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ እንደሚሰጠው ነግሯታል።

ጆሮ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ጉልበቱን ሲራገም በሩን ከፍታ ጠበቀችው። ደረጃው ዘንድሮ እሷንም እንደከበዳት፣ ሁለቴ ሳታርፍ እንደማትወጣው ነግራ አጽናናችው።

የምትቀዳው በሟች እናቷ መኝታ ቤት ነው። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ የእናትየው ካፖርቶች እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ማሚቶ ይውጣሉ። ፊት ለፊታቸው የቆዳ ወንበር አለ። እናትየውም አንባቢ ነበሩ፤ ቴፕ መቅረጫቸውን ይጠግንላቸው የነበረውም ይኸው ጆሮ ነው። ልጅቱ የመጀመሪያውን መስመር ስታነብለት የሟቿን ድምፅ የሰማ መሰለውና ክንዱን ውርር አደረገው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለ።

ድምፁንም፣ ሥራውንም፣ ወንበሩንም ወርሻለሁ አለችው። እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት ጉንፋን ነው እያሉ ሐኪም ሳያዩ ከርመው፣ እዚያው ወንበር ላይ ጣታቸው ገጹ መሐል እንዳለ ነበር ያረፉት።

ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ንባቡ እንከን አይወጣለትም። አራት ነጥቡ ላይ ስትደርስ ግን፣ በዝምታው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ገባ፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ቀጣዩን አረፍተ ነገር ስትጀምር ጠፋ። ቀጣዩ አራት ነጥብ ላይ ተመለሰ።

ማቀዝቀዣውን ነቀለ። መብራቱን አጠፋ። ኬብል ቀየረ፣ ስልኳን ኮሪደር አስወጣ። ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም። የትንፋሽ ድምፅ እንዳይሆን ጠየቃት። እናቷ እንዳስተማሯት፣ አራት ነጥብ ላይ ሁሌ ፊቷን ከማይክሮፎኑ ታዞራለች። ደግሞስ የአፍ ትንፋሽ ለጆሮ ይጠፋዋል? ይሄኛው ከአፍ ትይዩ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ከወንበሩ በኩል ነው የሚመጣው።

ወንበሩን ገልብጦ ብሎኖቹን ዘይት አጠጣ። አልሆነም። ወንበሩን አስወጥቶ የወጥ ቤት በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ያው ነው። በዚህ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራ።

«አይሳቁብኝ እንጂ ጋሼ» አለችው፣ «ለብቻዬ ስሆንም ይሰማኛል። በደንብ ላዳምጠው ትንፋሼን ዋጥ ሳደርግ ግን ዝም ይላል። እንደማዳምጠው ያውቃል።»

ከመሳቢያ አንድ ካሴት አወጣች። የእናቷ የመጨረሻ ንባብ ነው። ጆሮ ራሱ በጠገነው ማጫወቻ ላይ ከፈተችለት። ሟቿ አራት ነጥብ ላይ ሲደርሱ ያው ፉጨት መጣ፤ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ሽቦ፣ በሌላ ዘመን። ጆሮ ቴፑን መልሶ ሦስት ጊዜ ሰማው። ልዩነት የለውም።

«የእሷ ነው» አለች ልጅቱ። «ሳነብ አጠገቤ ሆና ታዳምጠኛለች። መጽሐፉ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጠራሁዎት እንጂ እንዲጠፋ አልፈልግም። ከጠፋ እማዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተች ማለት ነው።»

ጆሮ የሚያውቀው ሥራውን ነው። ክፍሉ ባዶውን ከተቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ፉጨቱን ለብቻው አጥንቶ ከንባቡ ላይ እንደሚያነሳው አስረዳት። ለእሷ ደግሞ ፉጨቱን ብቻ በአንድ ቅጂ ያስቀርላታል። በዚህ ተስማሙ። ኮቴ እንዳይሰማ እስከ ታች ሱቅ ደርሳ እንድትመለስ ላካት፤ እሱም ኬብሉን በበሩ ሥር አሳልፎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ።

አሥር ደቂቃ ቀዳ። ምንም የለም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ባዶው ክፍል ጭጭ ብሏል።

«እናቲቱም አብረዋት ሱቅ ወረዱ እንዴ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሊስቅ ሞከረ። አልሳቀም።

ልጅቱ ደረጃው ላይ አርፋ አርፋ ተመለሰች። በእግር ጣቷ አልፋው ወደ ክፍሉ ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆየው መስመር ተንቀጠቀጠ። ፉጨቱ መጣ።

«መጣች አይደል?» አለች፣ ፊቷ ፈክቶ።

ጆሮ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ማዳመጫውን አላወለቀም። መጀመሪያ ኮሪደር ያወጣውን ባዶ ወንበር፣ ቀጥሎ እሷን፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ደረቷን ለረጅም ጊዜ አየ።

«እስቲ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ፣ «አንዴ ትንፋሽሽን ያዢልኝ።»

ፉጨቱ ቆመ።