አስራ አራት ለባዶ

ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያለውን ፍላታቸውን ሊለቁ ዕቃ ሲያሽጉ፣ ልጅቷ የአባቷን የኮሌጅ ኳስ ቡድን ደብተር አገኘች። የ1970 ዓ.ም. ግጥሚያዎች ከነተሰላፊዎቹ ስም በአባቷ እጅ ተጽፈዋል። ሦስት ለባዶ፣ አምስት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ፤ ሁሉም ሽንፈት።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? አንድ ጌም እንኳን አላሸነፋችሁም?»

አባቷ ፕላስተሩን እንደያዘ ፈገግ አለ። «በረኛችን ግን ጎበዝ ነበር።»

በረኛውን በጣቷ ፈለገችው። ደግፌ ይባላል። ከአራተኛው ግጥሚያ ጀምሮ ስሙ ጠፍቶ በቦታው የአባቷ ስም ገብቷል። በመጨረሻው ግጥሚያ ግን ደግፌ እንደገና ከሁሉም በላይ ተጽፏል። ውጤቱን ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ይኸው ተመልሷል! ታዲያ እንዴት አስራ አራት ጎል ገባበት?»

አባቷ ፕላስተሩን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠና ደብተሩን ተቀበላት።

«አልተመለሰም። ከወሰዱት ወር ሆኖት ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት መገደሉን ሰማን። ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። ስሙን እኔ ጻፍኩት። ዳኛው ‹ደግፌ› ብሎ ሲጠራ፣ አስራችንም አንድ ላይ ‹አቤት!› አልን።»

«ከዚያስ? ማን በረኛ ሆነ?»

«በሩ ላይ ማንም አልቆመም።»