አማትን ማሻገር

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ አሁንም ድልድዩ አፍ ላይ ያቆምና በመስኮት እጁን ያወዛውዛል። «ይለፉ! ይለፉ!» ከማዶ የሚመጣው ሰውዬ ብስክሌት ነው የያዘው። ያውም እየገፋው።

«ምን እየጠበቅን ነው?» ይላሉ አማቱ ከኋላ ወንበር።

«ተራ ነው እማማ። ድልድዩ ባንዴ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው።»

«ብስክሌት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መኪና የሆነው?»

እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ ሳቄን በሳል እሸፍናለሁ። የተጠራሁት ሻንጣ እንዳግዝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ነገር ቢነሳ እንዳበርድ ነው። ይህ ሰው ሱቁ ውስጥ ደንበኛ በተራ ማስተናገድ ለምዶ መንገዱንም ፀጉር ቤት አድርጎታል። ወንዙ ሜዳው ላይ እንደ ሰካራም ስለሚንገዳገድ መንገዱ ደጋግሞ ይሻገረዋል፣ ድልድዮቹም ሁሉ ጠባብ ናቸው። ቅድም በግ አሳልፈናል። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ደግሞ ማንም ሳይኖር፣ ምናልባት የሚመጣ ካለ ብለን ቆመናል።

ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። «እናቴ አጠገቤ ካልሆነች አልወልድም» ብላለች፣ እንደሚቻል ሁሉ። እናትየው ደግሞ ቤታቸውን ጥለው መምጣት አልፈለጉም። በስንት ልመና እሺ ሲሉም አንድ ነገር ተናገሩ፦ «መንገድ ላይ አንዴ ካስደነገጠኝ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ።» ከቤታቸው ከተነሳን ጀምሮ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አንድ እጃቸው የበሩ መክፈቻ ላይ ነው። ምክንያት እየፈለጉ ነው።

ባለብስክሌቱ አመስግኖ ያልፋል።

«እንግዲህ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደርሳለን» ይላሉ እማማ።

ይቺ ቃል ትወጋዋለች። ጎረቤቴ አንገቱን ያቀናና ማርሽ ያስገባል፣ ወዲያ ማዶ እንኳ ሳያይ ድልድዩ ላይ ይነዳል። ግማሽ ሳንደርስ ጎተራ የሚያህል ገለባ የሚጎትት ትራክተር ከፊታችን ይገባል። ፍሬን ሲይዝ ሦስታችንም ወደፊት እንሰግዳለን።

ባለትራክተሩ ከመቀመጫው ይነሳል። «ወንድሜ፣ አንተ ወደ ኋላ በል! እኔ ተጎታች ይዣለሁ፣ አልችልም!»

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። «ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ ላይ እኮ ከመኪናዋ ጋር አልተግባባንም።»

«መንጃ ፈቃዱን ታዲያ እንዴት ሰጡህ?»

«ፈተናው እሱ ላይ ሲደርስ ዝናብ ጣለ።»

«ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ የሚውል ሰው! በመስታወቱ እያየህ ቀስ በል እንጂ።»

«በመስታወቱ የሚታየኝ ሌላ ነው።»

ቀና ብዬ አያለሁ። እውነትም መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሞሉት አማቱ ናቸው፤ ቅንድባቸውን ሰብስበው።

ይሞክራል። መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ትልና ቂጧን ጠምዝዛ የድልድዩን ብረት ጓ! ታደርገዋለች።

«በቃ!» ይላሉ እማማ። በሩ ይከፈታል። ቦርሳቸውን እንዳቀፉ በጠባቧ ክፍተት ይወጡና ወደ መጣንበት ይራመዳሉ።

ጎረቤቴ ግንባሩን መሪው ላይ ይደፋል። «አለቀልኝ። ሚስቴን ምን ብዬ ነው የማያት?»

እኔም የመጣሁበት ሥራ አሁን ነው። ዞሬ አያለሁ። እማማ ድልድዩን ጨርሰው ይቆማሉ። ቦርሳቸውን መሬት ያስቀምጡታል። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ።

«ና!»

«እኔን ነው?» ይለኛል።

«ሌላ መሀል ድልድይ ላይ የተገተረ ልጅ አለኝ እንዴ? ና፣ እኔን እያየህ!»

መስታወቱ ውስጥ እማማ አሁን ትንሽዬ ሆነዋል፤ መንገዱም ከእሳቸው ጋር ይታያል። ጎረቤቴ ከንፈሩን ነክሶ ፍሬኑን ይለቃል።

«ወደ ወንዙ! አይ፣ ኧረ በሁለቱም በኩል ወንዝ ነው! ወደ ዛፉ! ወደ ዛፉ ትንሽ! አሁን ቀጥ! ፀጉር ስትቆርጥም እንዲህ ነው የምትወላገደው?»

«በግራ በኩል ያዝ!» ይላል ባለትራክተሩም ከላይ።

«አንተ ዝም በል! ሁለት ሰው አንድ መኪና አይመራም! ና የኔ ልጅ፣ ና፣ ጎበዝ፣ ና!»

የኋላ ጎማችን አፈር ሲነካ እማማ በመዳፋቸው መኪናዋን መታ መታ ያደርጓታል። ትራክተሩ ገለባውን እያራገፈ አጠገባችን ያልፋል። «እናት፣ እርስዎ ባይኖሩ እዚሁ ማደራችን ነበር!»

«አውቃለሁ» ይላሉ።

ጎረቤቴ ወርዶ ፊታቸው ይቆማል። እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። «እማማ፣ አስደንግጬዎታለሁ። ያሉትም አልጠፋኝም። ከፈለጉ ወደ ቤትዎ ልመልስዎት።»

ከእግሩ እስከ ራሱ ያዩታል። «ከአንድ ድልድይ ወደ ኋላ መውጣት አቅቶህ፣ እኔን በምን ትመልሰኛለህ? ደግሞስ ልጄን ከነሆዷ ላንተ ትቼ የት ነው የምሄደው?»

ቦርሳቸውን አንስተው እኔ ወዳለሁበት በር ይመጣሉ።

«ጎረቤት፣ ውረድ።»

እወርዳለሁ። ከኋላ ከሻንጣዎቹ መሀል እንደምንም እሸጎጣለሁ፤ ቦርሳውንም ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል።

የሚቀጥለው ድልድይ ላይ ስንደርስ ከማዶ ድንጋይ የጫነ ትልቅ መኪና ይመጣል። ጎረቤቴ ልማዱ ነውና እግሩን ወደ ፍሬኑ ይልካል። «ንዳ» ይሉታል እማማ። ቀጭኗ እጃቸው በመስኮቱ ትወጣለች፣ መዳፏ ተዘርግታ። ወዲያ ማዶ ያ ሁሉ ድንጋይ አቧራውን አስነስቶ ይቆማል፤ ሾፌሩም ኮፍያውን ያወልቃል።