የተላከበት ሰዓት

የፍሬውን ሬሳ ያገኙት ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ ከተከመረበት ሥር ነው። ሰባት ቦታ ተወግቷል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ደሙ ገና አልረጋም።

በማግስቱ የጫኝና አውራጆች አለቃ ዋለ ታሰረ። ያሳሰረው የገዛ ስልኩ ነው። ለአንድ ትኬት ሻጭ «ከጀርባ ነኝ፣ ፍሬውን እየጠበቅኩት ነው» ብሎ ልኳል። መልእክቱ ላይ ያለው ሰዓት ልክ ስምንት ይላል።

ዋለ ግን የላክሁት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው አለ። ፍሬው ሲቀርበት ትቶት ዱራሜ ሄዷል። ዱራሜ ነበር ብለው የሚመሰክሩለት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው፤ ዘመድን ደግሞ ማን ያምናል።

የመናኸሪያው ሰዎች መልእክት የሚላላኩበት መተግበሪያ የተሠራው ሁለቱ ፕሮግራመሮች፣ ሆሴዕ እና ርብቃ፣ በጻፉት ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ ነው። ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው ክፍት ኮድ ነው። የዋለ ጠበቃ ቢሯቸው ድረስ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀች። የሚታየው ሰዓት መልእክቱ የተላከበት ነው ወይስ የደረሰበት? የላይብረሪው ሰነድ ስለዚህ ምንም አይልም። ፍርድ ቤት የሚቀበለው ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረና በሙከራ የታየ ነገር ብቻ ነው። ለቀጠሮው የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። ከተፈረደበት ከዚህ እስር ቤት ያዛውሩታል አለች። ሆሴዕ ወዴት ብሎ ጠየቀ። ሩቅ ነው አለችው።

ጠበቃዋ ስትወጣ ርብቃ በሩን ዘጋች።

«አንተ አትንካው» አለችው። «እኔ ልያዘው። ለአንተም ለእሱም አይሆንም።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ሁለቱም ያውቃሉ። ሆሴዕ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር መናኸሪያው ውስጥ ዕቃ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ወንድሙ ያለ ተራው ጆንያ አወጣ። ዋለ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተከትሎት ወጣና ደረቱን በእርግጫ አለው። ልጁ በጭንቅላቱ አስፋልቱ ላይ ወረደ። ወድቆ ነው ተባለ፤ ተቀበረ። ሆሴዕ ያየውን ለፖሊስ ተናገረ። በሳምንቱ ዋለ ቀኝ እጁን የአውቶቡስ በር ላይ አስያዘውና በሩን ጠረቀመበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ስለ ወንድሙም ለማንም አላወራም። ለርብቃ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር።

«እሠራዋለሁ» አላት።

ስህተቱን ያገኘዋል፣ አግኝቶ ይቀብረዋል ብላ ፈራች። ስለዚህ የሚጽፈውን ሁሉ መስመር በመስመር ታነብ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አገኘው። ያበላሸውም እሱ ራሱ ነበር። ከመናኸሪያው ሰዎች ግማሾቹ የስልካቸውን ሰዓት በኛው አቆጣጠር ይሞላሉ፤ ጠዋት ሦስት ሲሆን ስልኩም ሦስት እንዲል ነው። መልእክቶቹ በስድስት ሰዓት እየተዛቡ ቢያስቸግሩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሆሴዕ ላይብረሪው የስልኩን ሰዓት ትቶ መልእክቱ የሚያልፍበትን የሰርቨሩን ሰዓት ብቻ እንዲወስድ አደረገው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሲመለስ ይሄድና የደረሰበትን ሰዓት ለብሶ ይታያል። ፍሬው በተገደለበት ቀን በአካባቢው ከተሞች ሁሉ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስምንት ሰዓት ኔትወርክ አልነበረም። በዋለ ስልክ ውስጥ ደግሞ መልእክቱ የተጻፈበት ሰዓት አልጠፋም ነበር። አራት ከአምስት።

ርብቃ አንብባ ስትጨርስ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሆሴ፣ አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ሙከራውን እንደገና ሠራው። ሃያ ጊዜ።

በስድስተኛው ቀን ምሳ በልቶ ሲመለስ የፍሬው ወንድሞች መንገድ ላይ ያዙት። ሦስት ናቸው። ትልቁ፣ ተገኘ የሚባለው፣ ጃጁራ ገበያ ከብት ይነግዳል። ግንብ አስደግፈው በዱላ ወረዱበት። የጎን አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ራሱ ሰማው። ሲወድቅ ተገኘ አንገቱን በጫማው ረገጠ።

«ኮምፒውተርህ ሊያስፈታው ነው አሉ» አለው። «ይፈታ። እስካሁን ያተረፈው እስር ቤቱ ነው። የወጣ ቀን እንደ በሬ ነው የምናርደው። ሄደህ ንገረው።»

ሆሴዕ ደም ተፋ። እሺ አለ።

ርብቃ ክሊኒክ ድረስ መጥታ አለቀሰችበት። ለዋለ ብለህ ልትሞት ነው ወይ፣ ይቅርብህ አለችው። እሱ ሰነዱ አላለቀም ብሎ በፋሻ እንደታሰረ ተነሣ። በዘጠነኛው ቀን ጨረሰው። ሙከራው፣ ኮዱ፣ ኮዱ የተለወጠበት ቀን፣ የለወጠው ሰው ስም፣ አንድም ሳይቀር ሰፈረ። ፍርድ ቤት ቆሞ ሲያስረዳ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር። ጥፋቱ የማን ነው ሲሉት የእኔ ነው አለ። የዋለ ዘመዶች የሰጡት ቃል ያን ጊዜ ክብደት አገኘ። ዋለ በነፃ እንዲለቀቅ ተወሰነ።

የፍሬው ወንድሞች እስር ቤቱ ዋና በር ላይ ሰፍረው ነበር። ፖሊሶቹ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ሊያስወጡት ተስማሙ። ጠበቃዋ ይህን የነገረችው ለሆሴዕና ለርብቃ ብቻ ነው። ሆሴዕ በሩ ላይ ሊጠብቀው ሲነሣ ርብቃ አብሬህ ልሂድ ብትለው እምቢ አለ።

ዋለ ፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። ሆሴዕን ሲያይ ደነገጠ፤ ዓይኑ ወደማይታጠፉት ጣቶች ሄደና ሸሸ። ከዚያ የሆሴዕን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ።

«ወንድምህን...» አለ። «ያኔ እኔ ሰው አልነበርኩም። ጌታ ይክፈልህ ልጄ።»

ሆሴዕ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው።

«ይሂዱ ጋሽ ዋለ» አለው። «ሰው ሳያይዎት ይሂዱ።»

ዋለ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ቁልቁል ወረደ። ሆሴዕ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ ቆሞ ሸኘው።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለፍሬው ወንድም ለተገኘ ጻፈለት፦ «በጓሮ በር ወጥቷል። ብቻውን ነው፤ በእግሩ ወደ መናኸሪያ እየወረደ ነው።»