የታሰረው ጉልበት

«እዚህ ጋ ያምሃል?» ትላለች ዶክተሯ፣ ጉልበቱን በሁለት አውራ ጣቷ እየተጫነች።

«አያመኝም።»

«እዚህስ?»

እዚያም አያመውም። ከየት መጥቶ ያመዋል? የያዘችው ግራውን ነው። ፋሻ የተጠመጠመበትን አይታ እሱን ፈታች፤ እሱኑ አጠፈች፣ እሱኑ ዘረጋች። ቀኙ አጠገቡ ተጋድሞ፣ ጥፋቱ እንዳልተነቃበት ሰው ጭጭ ብሏል።

የእግር ኳስ ክለቡ አጥቂ አልዋሸም። የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው።

መቼም በኳስ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው። እናቱ ስትቆጥር ግን ሠላሳ አራት ይመጣል፤ እናት ደግሞ በዚህ አትሳሳትም። በቴስታ ስለሚያገባ ተመልካቹ «መዶሻው» ይለዋል። ከስድስት ዓመት በፊት እንደ ልማዱ በቴስታ ሊመታ ዘሎ፣ ማንም ሳይነካው ሲያርፍ ቀኝ ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ። በነጋታው የቡድኑ ወጌሻ ፋሻ ይዞ ሲመጣ «ግራውን እሰርልኝ፣ ጋሼ» አለው። ተከላካይ ሊመታ የሚፈልገው ፋሻ ያየበትን እግር ነው፤ ጤነኛውን ካሳየኸው የታመመው ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ወጌሻ በየጨዋታው ግራውን ሲያስር፣ ቀኙን ደግሞ በር ዘግቶ ሲያሽ ኖሯል። ነገሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቱ እንኳ ደረጃ ሲወርድ ለምን ግድግዳ ግድግዳውን እንደሚይዝ ብትጠይቀው፣ ልማድ ነው ብሏታል።

ዶክተሯ ክለቡን ከተቀላቀለች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ደስ ብሏታል። እንዲህ ያለ ጉልበት በሃያ ዓመት ልጅ ላይ አላየሁም፣ ጠባሳ እንኳ የለበትም እያለች ወረቀቱን ሞልታ ትፈርማለች። ፎቅ ላይ፣ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ የሁለት ዓመት ውሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚጠብቀው ይህችኑ ወረቀት ነው። ያለሷ አጥቂው ከዛሬ ጀምሮ «የቀድሞ» ይባላል።

ቀጥላ ወረቀቱን ጥግ ላይ ለቆመው ወጌሻ ትሰጠዋለች። ከፊርማዋ ሥር፣ ተጫዋቹ ሌላ የማውቀው ጉዳት የለበትም ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው።

ሽማግሌው መነጽሩን ከኪሱ ያወጣል። በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ አድርጎት ያወልቅና እንደገና ይወለውላል። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሜዳ ላይ ተጫዋች የውሸት ሲወድቅ ሮጦ ይደርስና ውሃ ደፍቶበት የሚመለስ ሰው ነው፤ ማስመሰል አይወድም። አሁን እስክሪብቶውን ይዟል። ልፈርም ወይስ ልተወው ብሎ አይጠይቅም፤ ወደ አጥቂው ቀና ብሎም አያይም። ጎንበስ ብሎ መስመሩን ይፈልጋል።

«ተወው፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ይቆማል።

«ዶክተር፣ ያሰርኩት ደህናውን ነው» ይላል አጥቂው፤ የቱታውን ቀኝ እግር ወደ ላይ እየሰበሰበ።

መጀመሪያ የሚቀልድ ይመስላታል። ጤነኛ እግር ምን ሊሆን ይታሰራል ብትለው ሁሉንም ይነግራታል። እጇን ታሳርፋለች። አንዴ ብቻ ትጫናለች፤ አጥቂው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ጣራ ጣራውን ያያል። ስታጥፈው እንደ ደረቅ እንጨት ቋ ይላል። በዚህ ጉልበት ለምን ያህል ጊዜ እንደተጫወተ ትጠይቀዋለች። ስድስት ዓመት ይላታል። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ኪሷ ትከታለች፤ ለፕሬዚዳንቱ እኔው እነግራቸዋለሁ ብላ፣ በሩን ሳትዘጋ ትወጣለች።

ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋ ይሰማል። አጥቂው ማዳመጡን አይተውም፣ እስኪጠፋ ድረስ። ሽማግሌው ቅባቱን መዳፉ ላይ አፍስሶ ቀኙን ማሸት ይጀምራል። በሩን የሚዘጋው የለም።

«ቢሆንም ጋሼ» ይላል አጥቂው፣ ድምፁ እንዳይሰበር ሳቅ ቢጤ ጨምሮበት፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ተከላካይ አልነቃብኝም። ቀኙን የመታኝ የለም።»

ሽማግሌው ከእሽቱ ቀና አይልም።

«ስንት ተከላካይ አሽቻለሁ» ይላል። «የታመመውን ያሰረ አንድም አላየሁ። ቀኝህን አውቀው ነው የተዉልህ።»