የላስቲክ ምድጃው አውጫጭኝ

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያለው የጡብ ምድጃ ጭስ ማውጫው ተንዶ አደረ። እሳቱ ገና ሳይበርድ አንድ ሰው በዶማ ጥሎታል። ረፋዱ ላይ አውጫጭኝ ተጠራ፤ አፍራሹ ሳይታወቅ ከግራሩ ጥላ ንቅንቅ የለም።

የሁሉም ዓይን ተናኜ ላይ ነው። ምድጃው በእንጨት ፋንታ ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ ማንደድ ከጀመረ ወዲህ ዝም ያለችበት ቀን የለም። ጥቁሩ ጭስ ሽንኩርቷ ላይ ይተኛል፤ ልጇ ሲያስል ያድራል። ቀበሌ ሄዳ ጮኻለች፣ ፌስታል የጫነ ጋሪ ፊት ተጋድማለች። መናገሯን ከማፍረስ መቁጠራቸው አንገበገባት።

ጥፋተኛው ማውጫውን መልሶ ያሠራል። ተናኜ ደግሞ ከዚያች የሽንኩርት ማሳ ሌላ ምንም የላትም።

የምድጃው ማኅበር ሊቀመንበር ኑረዲን አርፍዶ መጣ። ላስቲክ የማንደዱን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ሚስቱ ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከገባች ሰንብታለች። በዚህ ሁሉ ላይ ለፖሊስ እንኳ ስላላመለከተ ሰዉ ትዕግሥቱን አደነቀ። ቀኝ እጁን ፎጣው ውስጥ እንደከተተ ለተናኜ አንገቱን ብቻ ነቀነቀላት፤ እሷም ንቀት ነው ብላ ፊቷን አዞረችበት።

ከብት አርቢው ሐሚድ ተነስቶ ለምድጃው ተሟገተ። ድሮ ጡቡ የዳገቱን ግራር ጨርሶት ነበር። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታልም ሁለት ላሞች ገድሎበታል። አሁን ግራሩ እያቆጠቆጠ ነው፣ ላሞቹም ደህና ናቸው። ተናኜ ይህን አልካደችም፤ ላም የገደለውን ነገር ልጅ እንዲተነፍሰው ማድረግ ግን መላ አይደለም አለች።

ፀሐይዋ ከረረች። የውሃ ተራቸው ያለፈባቸው ገበሬዎች ማጉረምረም ያዙ፤ ብታምንና ብትገላግለን ምናለ የሚሉም ነበሩ።

ሰብሳቢው ጋሼ ለማ ወደ እሷ ዞሩ። "ተናኜ፣ ሰዉ ሥራ ፈታ። አንቺ ነሽ አይደለሽም?"

ተነሳች። ድምፅዋ ጸና።

"እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ። ማሳዬን ብትወስዱትም አይደለሁም። ያፈረሰውን ሰው ግን እግዜር እጁን ይባርክለት።"

ኑረዲን እሳት የላጠውን ቀኝ እጁን ከፎጣው አወጣ።

"አሚን" አለ። "ልቀቋት፤ እጁ የኔ ነው።"