ክታብ የመሰለው ፍላሽ

ጸደንያ የቀዩን ቆዳ ስፌት በምላጭ ስትተረትር የኔታ ስጦታው ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አልነቀሉም። ተማሪዎቻቸው ከየከተማው በኢሜይል የላኩላቸው የሦስት ዓመት ቅኔ በሙሉ አንድ ፍላሽ ላይ ተጭኗል፤ እዚህ ሞጣ፣ በእሷ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለእሑዱ ንግሥ መድረስ አለበት። የኔታ ከቢቸና ሲነሱ ኪሳቸውን አላመኑትም። ትናንት የባለቤታቸውን የራስ ምታት ክታብ አዲስ ቆዳ ሲያለብሱ፣ ፍላሹንም ለብቻው በዚያው ዓይነት ቀይ ቆዳ ሰፉትና ጠዋት አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ከቆዳው ውስጥ የተጠቀለለ ብራና ወጣ። የእጅ ጽሑፉ የራሳቸው ነው።

«የኔታ፣ ይሄ በየት በኩል ነው የሚሰካው?» አለች ጸደንያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት።

የኔታ ስልካቸውን አውጥተው ቤት ደወሉ። «ዘርፈሽ፣ ክታብሽን አጥልቀሻል?»

«አጥልቄያለሁ እንጂ! እግዜር ይስጥልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያ ራስ ምታት ድራሹ ጠፋ። እኔማ ቆዳውን ብቻ ያደሱት መስሎኝ፤ ለካ ጽሑፉንም ቀይረውልኛል! እንዲህ ያለውን እያወቁ ነው ሃያ ዓመት በዚያ በማይረባው ያሰነበቱኝ?»

የኔታ ስልኩን ዘግተው የሃያ ዓመቱን ብራና ቀስ ብለው ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገ እመለሳለሁ፣ ልጄ» አሏት ጸደንያን። «ፍላሹ ለዛሬ ሌላ ሥራ ይዟል።»